ገና ነጋ

ልጅ እያለሁ ገና በሹክሹክታ የሚከበር በዓል ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰው እየተሳሳቁ ሲመለሱ፣ እኛ ቤት መዝሙር የሚዘመረው አፍ በእጅ ተይዞ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር። የእኛ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ታሽጎ በሩ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል፤ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ መዘመርም ያሳስራል። ሽማግሌያችን ኦቦ ዲንሳ አንዴ ታስረው ተፈትተዋል። ዳግመኛ ቢያዙ በቀላሉ እንደማይለቀቁ፣ አባቴም ከሥራው እንደሚባረር ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር። ልጅ እኮ የሚሰማው የማይነገረውን ነው።

አባቴ ድሬሰር ነበር። ሰፈሩ ግን “ዶክተር” ይለዋል፤ እሱም አይከራከርም። እሱ ኦሮሞ፣ እናቴ አማርኛ ብቻ እየተናገረች ያደገች የአዲስ ዓለም ልጅ። እኔ በመካከላቸው የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ሳልለይ ሁለቱንም እንዳሻኝ ስቀላቅል አደግሁ። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ አንድ ዘዴ አገኘ። ቤታችን አምቦ ውስጥ ገና ከሚጫወቱበት ሜዳ ጥግ ነበር። በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎረምሶች ዱላቸውን ይዘው ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ ሲያሳድዱ፣ የሚነሣው ጩኸት ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ይሰማል። “እነሱ ሲጮኹ እንዘምራለን፤ እነሱ ዝም ሲሉ ዝም እንላለን” አለ አባቴ። ችግሩ ኦቦ ዲንሳ ነበሩ። እግዚአብሔር የሰጣቸው ድምፅ ለሹክሹክታ አልተሠራም፤ ቀስ ብለው ሲጸልዩ እንኳ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል።

እኔ በበኩሌ የራሴ ጭንቀት ነበረኝ። መላእክቱ ለእረኞቹ ከተናገሩት አንዲት ሐረግ በኦሮምኛ እንድል ተመርጬ ነበር፦ “ለፈ ኢረቲ ነጋ።” ሦስት ቃል ናት፤ ግን እንዴት እንደተለማመድኳት! እንጨት ስለቅም፣ ፀጉሬን ስሠራ፣ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ በሆዴ እላታለሁ። ጮክ ብዬ ልላት ጓጉቻለሁ። መልአክ ሲያንሾካሹክ ማን ሰምቶ ያውቃል?

ቀኑ ደረሰ። ሰዎቹ አንድ አንድ እያሉ በጓሮ በር ገቡ። ደጃፉ ላይ ጫማ በዝቶ እንዳያሳጣን ሁሉም ጫማውን አውልቆ አልጋ ሥር ከተተው፤ ቤቱ የቄጤማና የካልሲ ሽታ ሸተተ። መጽሐፍ ቅዱሱ ሞሰብ ውስጥ፣ በኮባ ከተጋገረው ዳቦ ጎን ተሸሽጓል። ከምንጩ የቀዳነው አምቦ ውሃ ስኳር ተጨምሮበት በየብርጭቆው ፍስስ ይላል። ሜዳው ሲጮህ ዘመርን፤ ጸጥ ሲል መሀል ላይ እንቆርጠውና ዓይን ለዓይን እየተያየን እንጠብቃለን። ኦቦ ዲንሳ ሁልጊዜ አንድ ቃል ያሳልፋሉ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ያፍኑ ነበር። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ መዝሙር አላውቅም።

ተራዬ ደረሰና ዱካ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሜዳው በአንድ ጊዜ ጓ አለ። አባቴ በዓይኑ “አሁን!” አለኝ። ያለ የሌለ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ “ለፈ ኢረቲ...” ስል ቆርቆሯችን ላይ አንድ ነገር ድው! አለ፤ የሜዳው ጩኸትም ቀጥ አለ። እኔ ግን መቆም አልቻልኩም። “ነጋ!” የምትለው ቃል በዚያ ጸጥታ ውስጥ ብቻዋን ጮኸች።

ሩሯ ናት ጣሪያችንን መትታ ደጅ የወደቀችው። ሊወስዳት የመጣው ደግሞ ታደለ፣ የጎረቤታችን የእማማ አስካለ ልጅ፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ። በሩን ገፋ አድርጎ፣ “ይቅርታ ዶክተር፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ሲል ዓይኑ ቤቱን ሞልቶ በተቀመጠው ሰውና በባዶ እግሩ ሁሉ ላይ ቀረ።

“ለበዓል ተጠራርተን ነው” አለ አባቴ። ድምፁ ደርቋል።

ታደለ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ ጫልቱ፣ ምኑ ነው የነጋው?”

 እኔ ግን ትልቅ ሰው ስለጠየቀኝ ኮራሁ። ኦሮምኛ ስለማይችል ላስረዳው ፈለግሁ። ጠዋት ጠዋት ሰዎች አጥር ላይ ተደግፈው “አከም ቡልተኒ? ነጋ?” ሲባባሉ ስለምሰማ፣ ቃሉ ያው የእናቴ “ነጋ” ይመስለኝ ነበር።

“መላእክቱ ለእረኞቹ ያሉት ነው፣ ጋሼ” አልኩት። “መሬት ላይ ነጋ ማለት ነው።”

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። መላእክት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አብዮት ጥበቃም ያውቃል።

ታደለ ፀሐይቱን አየ፤ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። “እናንተ ቤት ገና ነጋ እንዴ?” አለ። መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ዲንሳ ናቸው፤ ሳቃቸውም እንደ ጸሎታቸው ነው፣ ቆርቆሮው ተነቃነቀ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ፈነዳ። “ነጋ እኮ ሰላም ነው፣ ልጄ!” አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። እኔም ገባኝና አፈርኩ።

እናቴ በድንጋጤም በደስታም ራሷን ረስታ፣ እንግዳ ባዶ አፉን አይሄድም በሚለው ልማዷ የሞሰቡን ክዳን ብድግ አደረገች። መጽሐፍ ቅዱሱ ከዳቦው ጎን ተጋድሟል። ሳቁ ጠፋ። ታደለ መጽሐፉን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዳቦው ቆረሰ። ከዚያ ክዳኑን ከእጇ ተቀብሎ በእርጋታ ገጠመው።

“ተከድኖ ይቆይ እትዬ፣ እንዳይደርቅ” አለና ሩሯን አንሥቶ ወጣ።

አባቴ ተነሥቶ ሰዎቹን ሊያሰናብት ሲል ከሜዳው የታደለ ድምፅ ተሰማ። “ምነው ቀብር መሰላችሁ? ገና አይደለም እንዴ? ጩኹ እንጂ!” ጎረምሶቹ ጮኹ። ሲደክሙ እንደገና ይቀሰቅሳቸዋል፤ እነሱ ዝም ሲሉ እሱ ብቻውን ይጮኻል። አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ኦቦ ዲንሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ድምፅ ዘመሩ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አላቆምንም። እኔም ሐረጌን ደግሜ አልኳት፣ አሁን ትርጉሟን አውቄ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ሰዓት ሰላም ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዛሬ ጸሎት ቤታችን ሰፍቷል፤ የድምፅ ማጉያው ለገና ሲከፈት ጆሮ ያደነቁራል፣ ማንም ዝም በሉ አይለንም። ሜዳው ላይ ፎቅ ቆሟል። እኔ ግን መዝሙር ሲጀመር አሁንም ለአፍታ ዝም እላለሁ፤ የሜዳውን ጩኸት እየጠበቅሁ።

ጋሽ ታደለ ሸብተው ያው ጎረቤቴ ናቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ስለዚያ ቀን ጠየቅኋቸው። “ድምፄ ለሳምንት ተዘግቶ እናቴ በዳማከሴ ስታጥበኝ ከረመች” አሉኝ። “ስጮህ ደግሞ ሩሯ በአጠገቤ እያለፈች የታች ሰፈር ተሸነፈ። እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል።” ምክንያቱን ለጓደኞቻቸው ነግረዋቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ “ምን ብዬ?” አሉ።

በየዓመቱ የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጥሩ ላይ ደገፍ ብለው ይጠሩኛል።

“ጫልቱ! ነጋ?”

በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠይቁኝ ነግረውኝ አያውቁም። እኔም አልጠይቃቸውም።

“ነጋ፣ ጋሼ” እላቸዋለሁ፣ ጮክ ብዬ።