አባ ሞተርና የተመለሰው ረግረግ

አባ ሞተር የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ዛሬ ልጆቹ ራሳቸው ወልደው ከብደዋል፤ ስሙ ግን እንዳለ አለ። ሰውየው ዕድሜያቸውን የፈጁት ከአንድ የናፍጣ ፓምፕ ጋር ነውና ስም አውጪዎቹ አልተሳሳቱም። ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ሰፊ ረግረግ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ እዚያ ላይ መጋዘን እሠራለሁ ብሎ ተነሣና ውሃውን የሚመጥ ፓምፕ አስተከለ፤ ፓምፑን የሚጠብቅ ጎረምሳም ቀጠረ። የመጋዘኑ ነገር ዛሬ ነገ ሲባል ተረሳ። ፓምፑን ግን አቁም ያለ አልነበረም። ጎረምሳው ጎለመሰ፣ ከዚያም ሸበተ፤ ፓምፑም እየተንደቀደቀ ምንም ያልተሠራበትን መሬት ሲያደርቅ ኖረ።

እሳቸው ይህን እንደ ቁም ነገር ይዘውት ነበር። ለምን አይይዙት? ደመወዝ የሚበላ ሰው ሥራውን አክብሮ ይሠራል እንጂ አለቃውን አያፋጥጥም ባይ ናቸው። አንድ ጊዜ የፓምፑ የብረት ክዳን ግራ እግራቸው ላይ ወድቆ እግራቸው እንዳበጠ ቀረ፤ እሱንም እንደ ሥራው ግብር ቆጠሩት። ሚስታቸው የሞተችባቸው ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል ነው። ልጅቷን ያሳደጓት ከፓምፑ ቤት ጋር በተያያዘችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ሞተሩ ሲጮህ ትተኛለች፣ ሞተሩ ሲቆም ትነቃለች። የፓምፑን ወንፊት ሳር በያዘው ቁጥር ለማጽዳት ያቆሙታል። ያን ጊዜ ውሃው ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ወፎችም ዳር ዳሩን መልቀም ይጀምራሉ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ "አባባ፣ ትንሽ ቆይ! አሁን አታስነሣው!" ትላለች። ጥቂት ይቆዩላታል። ከዚያ ሥራ ሥራ ነውና ያስነሡታል።

ያቺ ልጅ ተምራ እዚያው ማዘጋጃ ቤት ተቀጠረች። ከደመወዟ መጀመሪያ የገዛችው ነገር ለአባቷ ጫማ ነው። የሁለት እግራቸው ልክ አንድ ስላልሆነ ሁለት ጥንድ ገዝታ፣ ከአንዱ ቀኙን ከሌላው ግራውን ወስዳ በገመድ አንድ ላይ ታስራለች። ይህን ጣጣ የሚያውቅ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም።

አባ ሞተር ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው የተተካ የለም፤ ፓምፑ ቆመ። ውሃውም ማንንም ሳያስፈቅድ ተመለሰ። ቄጠማው በቀለ፣ እንቁራሪቱ ሰፈሩን በጩኸት አደነቆረው፣ ወፎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። ልጅቷ አለቆቿን ወጥራ ያዘች። ረግረጉ እንዲያገግም፣ የሰፈሩም ቆሻሻ እንዳይፈስበት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከለጋሾች ገንዘብ እንዲጠይቅ አደረገች። ፓምፑ ላይመለስ መቆሙንም በማመልከቻው ላይ ጻፈች። ለጋሾቹ እምቢ ካሉ ቦታው ጠጠር ተደፍቶበት የመኪና ማቆሚያ እንደሚሆን ቁርጡ ተነግሯታል።

አባ ሞተር ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ከደስታው ሥር ግን ቅር የሚል ነገር ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያደረቅሁትን ለማርጠብ ገንዘብ የሚለመን ከሆነ እኔ ምን ስሠራ ኖርኩ? ይሉ ነበር ለብቻቸው። ከጎኑ ካለችው ክፍላቸው አልወጡም፤ የፓምፑን ቤት ቁልፍም አልመለሱም። ጠዋት ጠዋት ገብተው አቧራውን ይጠርጋሉ፣ ግሪስ ይቀባሉ።

ለጋሾቹ ቦታውን ሊያዩ የሚመጡበት ሰሞን ዝናቡ አላባራ አለ። በዋዜማው ጠዋት ልጅቷ ደወለች። ከጀርባዋ የቢሮ ግርግር ይሰማል።

"አባባ፣ ውሃው እንዴት ነው?"

"ሞልቷል፣ እናቴ። መግቢያው መንገድ እንኳ ጠፍቷል።"

"ወይ ጉድ! እንግዶቹ በምን ሊገቡ ነው?" አለችና ሣቀች። "በል እሺ፣ ነገ ማልደን እንመጣለን። አንተም የትም እንዳትሄድ፣ እፈልግሃለሁ።"

ሣቋ የጭንቅ ሣቅ መሰላቸው። ስልኩ ሲዘጋ በዓይነ ኅሊናቸው የመጣው ልጃቸው በትልልቅ ሰዎች ፊት ጭቃ ለጭቃ ስትንቦጫረቅ ነው። ለልጃቸው የሚያውሉት አንድ ሙያ ነበራቸው፤ እሱም ከበሩ ኋላ ተቀምጧል። ቁልፉን አነሡ።

ሐሳባቸው መንገዱ እስኪገለጥ ብቻ ነበር። ግን ያ የከረመ ሞተር በመጀመሪያው ሙከራ አይነሣ መሰላችሁ! አባ ሞተር እንደ ልጅ ፈነደቁ። መንገዱ ተገለጠ፤ አላቆሙም። ዳር ዳሩም ይጥራ፣ ያኛውም ጥግ ይድረቅና ያምራል፣ እያሉ እስኪመሻሽ ድረስ ውሃውን አስመጠጡት። የሠራው ፓምፑ ሳይሆን እልሃቸው ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ቀን ግን እንዲህ ቢባሉ አይሰሙም ነበር።

በማግስቱ እንግዶቹ ሲመጡ ረግረጉ አልነበረም። የቀረው የላቆጠ ጭቃ፣ የተጋደመ ቄጠማና አፋቸውን የከፈቱ ትናንሽ ዓሣዎች ናቸው። ወፍ የሚባል የለም። ልጅቷ ትልቅ ካርቶን አቅፋ ከመኪናው ወረደችና ባለችበት ደርቃ ቀረች። ካርቶኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። በተከፈተው አፉ የጎማ ቦቲ ጫማዎች ይታያሉ። እንግዶቹን ውሃው ውስጥ ልታስገባቸው ኖሯል! አባ ሞተር ቦቲዎቹን ሲያዩ ያደረጉት ነገር ገባቸው።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ፣ ወደ ማስወጫው ቱቦ ሄዱ። ገና ያንጠባጥባል።

"ፓምፑ ቆሟል ብላችሁ ጽፋችሁልን አልነበረም?" አሉ። "ማን ነው ያስነሣው?"

አባ ሞተር በሩ ጋ ቆመዋል፤ ግሪሱ ከጥፍራቸው ሥር አልለቀቀም። ልጅቷ ዞር ብላ አየቻቸው። "እኔ ነኝ፣ ልጅቷ አታውቅም" ማለት ብቻ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። ፍርሃት ነው፣ እፍረት ነው፣ እስከዛሬ ለራሳቸውም ሊያስረዱ አልቻሉም።

"የእኛ ክፍል ጥፋት ነው። ኃላፊዋ እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ።

ገንዘቡ ለሌላ ከተማ ተሰጠ። ልጅቷ ከሥራዋ ተነሥታ ማኅደር ክፍል ተቀመጠች። አባ ሞተር ዘግይተው አለቃዋ ዘንድ ሄዱና ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ተናገሩ። አለቃው በትሕትና እስከ በሩ ሸኟቸው፤ "ምን ያደርጋል አባቴ፣ አለፈ እኮ" አሏቸው። ልጅቷ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም። ያቃጠላቸው ይኸው ነው፤ ብትጮህባቸው እግሯ ላይ ወድቀው ይገላገሉ ነበር። ስትመጣ ግን ለረግረጉ ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጥ ጀመረች።

ዝናቡ ሲመለስ ውሃውም ተመለሰ። በወዲያኛው ጫፍ ጠጠር የጫኑ መኪኖች ሥራ ጀምረዋል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አባ ሞተር፣ ሳይደፈን አንድ ጊዜ እንኳ ልግባበት ብለው፣ ያኔ እንግዶቹ ሲሄዱ ከደጅ አንሥተው ክፍላቸው ጥግ ያኖሩትን ካርቶን ከፈቱ። የሚሆነኝ አይኖርም እያሉ ሲያገላብጡ ከታች በገመድ የታሰሩ ሁለት ቦቲዎች አገኙ። ግራው ከቀኙ ይሰፋል።

አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ቦቲዎቹን አጥልቀው ውሃው ውስጥ ገቡና ደወሉ።

"አባባ፣ ደህና ነህ?"

"ቦቲውን አገኘሁት" አሉ።

"አባቴ ነው ይዟችሁ የሚገባው ብዬ ነግሬያቸው ነበር" አለች።

"እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፣ ልጄ።"

"አዎ፣ አባባ።"

ስልኩን አልዘጋችውም፤ እሳቸውም አልዘጉትም። ከማዶ መኪናው ጠጠሩን ሲያራግፍ ድምፁን ሁለቱም ሰሙት።