ከግቢያችን ጉድጓድ የቀዳሁት ውሃ

የሄድኩ ዕለት ማታ እናቴ ሻንጣዬን ከፍታ አየችና ጮኸች። "ሰው በርበሬና ሽሮ ይዞ ይሄዳል፤ አንቺ ውሃ? ጀርመን ውሃ የለም?"

ሠላሳ ትንንሽ ጠርሙሶች በካልሲና በሹራብ ጠቅልዬ ደርድሬ ነበር። ለማስተርስ የማጠናው ድሮ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ምን ያህል ዝናብ ይዘንብ እንደነበር ነው። ውሃ ውስጥ ቀላልና ከባድ አተሞች አሉ፣ አይሶቶፕ የሚባሉ፤ ውሃው ከየት እንደመጣ የሚያሳብቁት እነሱ ናቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። የሐይቆቹን ውሃ ቀድቼ ሳበቃ አንዷን ጠርሙስ ለማወዳደሪያ ብዬ እዚያው ካዛንቺስ፣ ከግቢያችን ጉድጓድ ሞላኋት። ቧንቧ ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ የሚቀዳው ከእሱ ነው።

ወንድሜ ዳዊት ሻንጣውን ታክሲ ላይ ጫነልኝ። ሚስቱ ሰላም አራስ ናት፤ ልጇን አቅፋ በር ድረስ ስትወጣ እናቴ "ብርድ ይመታሻል፣ ግቢ!" ብላ ተቆጣቻት። መስቀል አደባባይን እስክናልፍ ዞሬ አላየሁም፤ ካየሁ የምቀር መስሎኝ።

እዚያ ስደርስ ጉምሩክ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ ጠርሙስ አንስቶ ወደ መብራቱ አዙሮ አየው።

"ምንድን ነው?"

"ውሃ።"

"ከአፍሪካ ወደ ጀርመን ውሃ?"

"ለአይሶቶፕ ምርመራ ነው።"

አይሶቶፕ የሚለውን ቃል ሲሰማ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስቀመጠውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ራዲዮአክቲቭ?"

"አይደለም! በማንኛውም ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እርስዎ ዛሬ በጠጡት ቡና ውስጥም አለ።"

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። እስኪጣራ ለብቻዬ ክፍል አስገቡኝ፤ መልሰው ይልኩኛል ብዬ ወረቀቶቼን ደጋግሜ ስቆጥር ቆይቼ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከነጠርሙሶቼ ለቀቁኝ።

ዝናቡ፣ ማለቴ የእነሱ ዝናብ፣ ድምፅ የለውም። እንደኛ ቆርቆሮ አይደበድብም፤ ሳታውቁት አጥንት ድረስ ይገባል። ቀጥሎ የመጣው ፍርሃትም እንዲሁ ነው የገባብኝ።

በሦስተኛው ወር የላብራቶሪው ኃላፊ ውጤቱን ሰጠኝ። የሐይቆቹ ደህና ነበር። የጉድጓዳችን ውሃ ግን ናይትሬት የሚባል ጨው ሞልቶታል፤ የናይትሮጅኑ አይሶቶፕ ደግሞ ምንጩን አጋልጦታል፦ የሽንት ቤት ፍሳሽ። "ሕፃን ልጅ አይጠጣው" አለ ኃላፊው፤ "ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።"

ባለፈው ስደውል እንደነገሩኝ ሰላም ሥራ ተመልሳለች። ልጅቷ የዱቄት ወተት ጀምራለች።

የስልክ ካርድ ገዝቼ ሮጥኩ።

"እማዬ፣ ወተቷን በምን ውሃ ነው የምትበጠብጡት?"

"ቧንቧ ከጠፋ ሳምንት አለፈው፤ በጉድጓዱ ነው። ግን ሞኝ አይደለሁም፣ ግማሹ እስኪተን አፈላዋለሁ።"

ጀርም በእሳት ይሞታል፤ ናይትሬት ግን ውሃው በተነነ ቁጥር ይብሳል።

"ከንፈሯስ አልጠቆረም?"

"ጠቆር ብሏል። ብርድ መስሎን..."

"አሁኑኑ ሐኪም ቤት! ናይትሬት ነው በሏቸው፣ ናይ-ት-ሬት!"

"ናይት ምን?"

ካርዱ አለቀ።

ሌላ ካርድ ገዝቼ ብደውል የቤቱ ስልክ አይነሳም፣ የዳዊት ሞባይል ዝግ ነው። ቤቴ ገብቼ ፊቴን ስታጠብ አከራዬ አንኳኳች።

"ቧንቧው ከተከፈተ ሦስት ደቂቃ ሆነው።"

"ይቅርታ፣ የወንድሜ ልጅ ታማብኝ..."

"በጣም አዝናለሁ" አለች። "ቧንቧው ግን አሁንም ክፍት ነው።"

በማግስቱ ዳዊትን በስልክ አገኘሁት። "ተርፋለች" አለኝ፤ ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሆኗል። "ኦክስጅንና መርፌ ሰጧት፣ ቀለሟ ተመለሰ።" አልቅሼ ሳልጨርስ እናቴ ስልኩን ተቀበለችው።

"ጉድጓዱን ዘግቼዋለሁ። ጎረቤት አኩርፏል፣ ያኩርፍ።" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ልጄ፣ ያ ውሃ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?"

"አላውቅም፣ እማዬ። ያለኝ የዘንድሮው ብቻ ነው።"

"ታላቅሽ፣ ከእናንተ በፊት የሞተችብኝ... ጡቴ እምቢ ብሎ በዚሁ ጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ነበር የምሰጣት። እሷም ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።"

እህት እንደነበረችኝ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ካርዱ ገና ብዙ ደቂቃ ነበረው፤ እናቴም እዚያ ማዶ ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ መልስ እየጠበቀች።