ያለ ጭነት የሚነሳ ሞተር

በክሊኒኩ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ፣ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል አለች። ውስጧ አንድ የናፍጣ ጄኔሬተር፣ አንድ በርሜል፣ አንድ በርጩማና ምስማር ላይ የተንጠለጠለ የዘይት ጨርቅ አለ። ክፍሏ የአንድ ሰው ግዛት ናት። ሰውየውን ሐኪሞቹም፣ ጽዳቶቹም፣ የበር ጥበቃውም «ባለሞተሩ» ይሉታል። የገዛ ሚስቱ እንኳ ወደ ክሊኒኩ ስትደውል «ባለሞተሩ አለ?» ብላ መጠየቅ ለምዳለች።

ሥራው መጠበቅ ነው። መብራት ባለበት ቀን ሁሉ የሚሠራው ነገር የለም፤ የተቀጠረው መብራት ለሚጠፋበት ቀን ነው። የዚያ ሰፈር መብራት ደግሞ እምብዛም አይጠፋም፤ ቢጠፋም እርሱ ጓሮ ሳይደርስ ይመለሳል። ያም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ጄኔሬተሩን ሳያስነሳ ቀርቶ አያውቅም። ውሃውን ያያል፣ ዘይቱን ይለካል፣ የባትሪውን ጫፎች ይጠርጋል፣ ከዚያ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ አንዴ እንደ ማሳል ይልና ይነሳል። ባለሞተሩ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጥቂት ያዳምጠዋል፤ ድምፁ ደስ ሲለው ያጠፋዋል፤ እጁን ጠርጎ ይወጣል።

አንድ ነገር ብቻ አያደርግም። የመስመር መቀየሪያውን እጀታ አያወርድም። እጀታው ሲወርድ ሕንፃው ከዋናው መስመር ተላቅቆ ጄኔሬተሩ ላይ ያርፋል፤ በዚህ መሐል መብራቱ ድርግም ይላል፣ የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ይጠፋል፣ የጥርስ ሐኪሙም በመስኮት ብቅ ብሎ የአፉን ይናገራል። ባለሞተሩ አንድ ጊዜ ሞክሮ የሰማው በቃው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ምንም ሳይሸከም ይነሳል፣ ምንም ሳይሸከም ይጠፋል።

ከሥራ ውጭ ያለው ሕይወቱ ጸሎት ቤት ነው። የማለዳውን ጸሎት የሚመራው እርሱ ነበር። ስለ መዘጋጀት ሲናገር አፍ ያስከፍታል ይባላል። «ጌታ ዛሬ ቢመጣ ማን በእግሩ ቆሞ ያገኘዋል?» ብሎ ይጠይቅና ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ በዚያ ዝምታ መሐል የሚያለቅሱ አሉ። ሲጸልይም አባቱን አይረሳም። ልባቸው እንዲሰበር፣ ዓይናቸው እንዲበራ፣ ሳይረፍድባቸው እንዲመለሱ በእንባ ይለምናል። ጉባኤው የማያውቃቸውን ሰው ስም በቃሉ አጥንቶታል።

አባትየው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ አንድ ቀን ጭነት ይዘው ወጡ፤ በዚያው ሌላ ከተማ ሌላ ቤት አቁመው ቀሩ። እናትየዋ የሰው ልብስ እያጠበች ሁለቱን አሳደገች፤ አሳድጋም ሞተች። አባትየው የመጡት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ በኋላ ነው። ያኛው ቤት ሲፈርስ አንድ የድሮ ረዳታቸው ሴት ልጃቸው ደጃፍ አምጥቶ አወረዳቸው። እርሷም ቆማ አላየቻቸውም፤ አስገባቻቸው። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ቀን ትልልቅ ድስት ታነሳለች፤ ማታ አባቷን ታነሳለች።

አንድ እሑድ ወንድሟን ከጸሎት ቤት ሲወጣ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ወገቤ አለቀ።»

«እየጸለይኩበት ነው አልኩሽ እኮ።»

«ጸሎትህማ ደርሶናል። አንተስ መቼ ትደርሳለህ?»

አጠገባቸው የቆሙት ሰዎች እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቤቴን ታውቂው የለ። ጠባብ ነው።»

«የኔ አዳራሽ ሆኖ ነው? ሽንት ቤት የሚወስደኝ ኮሪደር እሳቸው የተኙበት ነው።» ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «አንድ መጦሪያ አግኝቻለሁ። ከከተማ ወጣ ይላል። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል፣ ሰዎቹ ግድግዳ ያያሉ። የምትወስዳቸው ከሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ንገረኝ። ካልሆነ እዚያ አስገባቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስማቸውን በጸሎት ስትጠራ እኔ እንዳልሰማ።»

እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ባለሞተሩ ነገሩን በሆዱ ይዞ ቤቱ ገባ፤ ለሚስቱም አልነገራትም። በማግስቱም በማለዳው ጸሎት የአባቱን ስም ጠራ።

በዚያው ሳምንት ክሊኒኩ አዲስ የነርሶች ኃላፊ መጣችለት። ቀጭን፣ ጫማዋ የማይሰማ ሴት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ተከትላ ጓሮ መጣች።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እየሞከርኩት ነው፣ ሲስተር።»

«ምን ተሸክሞ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚሞክሩት?»

«መነሳቱን ነዋ።»

«መነሳቱንማ ከማዋለጃ ክፍል ሆኜ ሰማሁት። እኔን የሚያሳስበኝ መሸከሙ ነው።»

ባለሞተሩ ቅር አለው። «እዚህ ጸጉሬን አሽብቻለሁ። አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።»

«ተጠይቆ ያውቃል?» አለችው። በቁጣ አልነበረም፤ ሙቀት እንደምትለካ ሁሉ ማወቅ ፈልጋ ነው።

ሰኞ ዕለት ሁሉንም አስጠንቅቃ፣ ማዋለጃው ባዶ መሆኑን አይታ፣ እጀታው እንዲወርድ አዘዘች። ባለሞተሩ ሞተሩን አስነሳ፤ እንደ ወትሮው ቀና ብሎ ተነሳ። እጀታውን አወረደ። ሞተሩ አቃሰተ። የጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ተፋ። የሕንፃው መብራት ብጫ ሆኖ በራ፣ ደከመ፣ እንደገና ሊበራ ሞከረ። ባለሞተሩ አንድ እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ፣ ሰው እንደሚያባብል፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይል ነበር። ሞተሩ ጠፋ። ደግሞ ሊያስነሳው ቢሞክርም እንቢ አለ።

ማንም አልተጎዳም። ኃላፊዋ እጀታውን ራሷ ወደ ዋናው መስመር መለሰችና «ዛሬ መሆኑ በጀን» ብላ ሄደች። ባለሞተሩ ግን ላብ አጥምቆት ቆሞ ቀረ።

መካኒኩ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሞተሩን ፈትቶ የናፍጣ መርጫዎቹን ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። አፋቸው በጥላሸት ተደፍኗል።

«ይኼ ሞተር ሥራ አይደለም የገደለው» አለ መካኒኩ። «ዕረፍት ነው።»

«በየሳምንቱ አስነሳዋለሁ እኮ።»

«ችግሩስ እሱ አይደል! ባዶውን ሲዞር ሙቀት አያገኝም፤ ናፍጣው በቅጡ አይቃጠልም። ጥላሸቱ ውስጡ ይቀራል። ድምፁ ግን ያምራል፤ ድምፅ መቼም ይዋሻል።» መርጫውን አንስቶ እንደ መጥፎ ጥርስ በብርሃን አየው። «አጽድቼ እመልስልሃለሁ። ከዚያ በኋላ ጭነህ አሠራው። መጀመሪያ ሰፈሩን በጭስ ይሞላዋል፤ እንዳትደነግጥና እንዳታጠፋው። የቆየው ነው የሚወጣው።»

ባለሞተሩ ዓይኑን ከተደፈኑት መርጫዎች አልነቀለም። መካኒኩ ደመወዙ እንዳይቆረጥበት ፈርቶ ነው ብሎ አሰበና ትከሻውን መታ አደረገው።

በማግስቱ ማለዳ ጸሎት ሊመራ ተነሳ። ስለ አገልጋዮቹ ጸለየ፣ ስለ ሕሙማን ጸለየ፣ ድምፁ እንደ ወትሮው ያምር ነበር። አባቱ ጋ ሲደርስ ስማቸውን ጠራና ቆመ። ሰዎቹ የታወቀው ዝምታ መስሏቸው ጠበቁ። አንዳንዶቹም ማልቀስ ጀመሩ። እርሱ ግን ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረው ሰው ጸሎቱን ጨረሰው።

የእምነቱ ነገር ውሸት ነበር ማለት አይቻልም። ማንንም አላታለለም፤ ያለቀሰውም እውነቱን ነው ያለቀሰው። ነገር ግን በሕይወቱ ሙሉ አምላኩ አንድ ከባድ ነገር እንዲያነሳ የጠየቀው ያን ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጥያቄውን ጸሎት አድርጎ ወደ ላይ ሲመልስ ከርሟል። ከጸሎት ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ሄደ።

ሚስቱ ነገሩን የሰማችው አባትየው ደጃፍ ላይ ከታክሲ ሲወርዱ ነው።

«መቼ ነው የወሰንከው?»

«አሁን፣ መንገድ ላይ።»

«እኔ መንገድ ላይ አልነበርኩማ» አለች። ቢሆንም ሶፋውን ለመግፋት ቀድማ ገባች፤ እስከ ማታ ድረስ ግን አላናገረችውም።

አባትየውን አዝለው አስገቧቸው። ሽማግሌው አካላቸው ግማሽ ቢሆንም ምላሳቸው ሙሉ ነበር። «የሰባኪው ቤት መጣሁ በሉኛ!» አሉ። «ጫማዬን ላውልቅ?»

ከዚያ በኋላ ያለው በሰሃንና በፎጣ የሚነገር ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት ያጥባቸዋል፤ ይላጫቸዋል፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያስቀምጣቸዋል። ማታ ሾርባ ያጎርሳቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ከማጉረሱ በፊት ረጅም ጸሎት ያደርግ ነበር። ሽማግሌው ማንኪያውን እያዩ «አምላክህ ሾርባ ሲበርድ ደስ ይለዋል እንዴ?» አሉት። ጸሎቱ ከሳምንት ሳምንት እያጠረ ሄደ። በመጨረሻ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ ሁለቱንም ግን ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁለት ጀመር። ሾርባውን ለማግኘት ይሁን ለሌላ፣ አይታወቅም።

አንድ ጠዋት ጀርባቸውን ሲያሻቸው «አንተ እጅህ ሻካራ ነው» አሉ። «እናትህ እጇ እንዴት ለስላሳ ነበር!»

ባለሞተሩ ጨርቁን ጨብጦ ቆመ።

«እጇን ማን እንዳሻከረው ታውቃለህ?» አለ። አባቱን «አንተ» ብሎ አያውቅም ነበር። «ስትሞት ጥፍር አልነበራትም። በሳሙና አልቆ! ለስላሳ ነበር ትለኛለህ? ለስላሳ?» ጆጉን ግድግዳው ላይ ወረወረው። ሚስቱ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። እርሱ ግን አልፏት ወጣ፤ የበሩን መዝጊያ እስኪነቀል ወርውሮት።

ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመዱን ይዞ ቆመ። ለመጸለይ ሞከረ፤ የመጣለት ስድብ ብቻ ነበር። እሱኑ አለ። የጉባኤ ሰዎች ቢሰሙት ጆሯቸውን በያዙ ነበር። ሲጨርስ ሽማግሌው እርጥብ ወንበር ላይ ራቁታቸውን እንዳሉ ትዝ አለው። ተመልሶ ገባ። ሚስቱ ፎጣ ጣል አድርጋባቸዋለች።

«ወጣልህ?» አሉት።

«ወጣ።»

«ሁሉም?»

«አይመስለኝም።»

«ውሃው ቀዝቅዟል» አሉ። ውሃ ሊያሞቅ ሄደ።

ያ ጠዋት የመጨረሻው አልነበረም። ከዚያ በኋላም ጮኋል፤ ወጥቶም ያውቃል። የማለዳውን ጸሎት መምራት ስለተወ «ቀዘቀዘ» ተባለ፤ ሁለት የጉባኤው ሽማግሌዎችም ሊያጽናኑት መጡ። በመጪው ጉባኤ ስለ መዘጋጀት እንዲያስተምር ሊለምኑትም ነበር።

«ስለ መዘጋጀት የማውቀው ነገር የለም» አላቸው። «ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ቆይቻለሁ። ሲጫንብኝ ጠፋሁ። አሁንም አንዳንዴ እጠፋለሁ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሊመልስ ሲል አባትየው ከአልጋቸው «እሱኑ ቢነግራችሁ አይሻልም?» አሉ። እንግዶቹ መሳቅ ይገባቸው እንደሆነ ሳያውቁ ትንሽ ሳቁ።

እህትየዋ ወገቧ ሲሻላት አንድ ከሰዓት በታክሲ መጣች። ውላቸው እንዲያ ነበር፤ እስክታርፍ ድረስ። ሚስትየው የሽማግሌውን ልብስ በአንሶላ ቋጥራ በር ላይ አስቀምጣዋለች። ባለሞተሩ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መሐል ላይ ቆሞ ነበር። ዝም ቢል የሚወቅሰው አልነበረም። ተራውን ተወጥቷል፤ ከዚያ በላይ የጠየቀው የለም።

«ይቆዩ» አለ።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ቋጠሮው አየችና እግሯን ዘርግታ ከበሩ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው።

«ለስንት ጊዜ?» አለች እህቱ።

«እኔ እንጃ። ይቆዩ።»

«እየጸለይክበት ነው፣ ጋሼ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እኔን የሚጠይቅ የለም?» አሉ ሽማግሌው። ሁሉም ዞሩ። ደህናው እጃቸው የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይዞ ነበር። «እሷ ጋ ምግቡ ይጥማል፤ አልዋሽም። ግን ስትናደድ ሰሃን ታጥባለች። እኔ ምን እንዳደረግኩ ሳላውቅ ይመሻል። ይኼኛው ይጮኻል። ዕቃ ይሰብራል። ወጥቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ይመለሳል።»

የብርድ ልብሱን ጠርዝ ለቀቁት።

«እኔ መመለሱን አልቻልኩበትም ነበር።»

ውጭ ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ። እህትየዋ ባለ ታክሲውን ልታሰናብት ወጣች፤ ባለሞተሩም አባቱን ወደ መስኮቱ ሊያዞራቸው ጎንበስ አለ።