ሳባ ትተርፋለች ወይ?

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ዛሬም ሳስታውሰው መጀመሪያ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል።

የምሠራው ላሊበላ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ደንበኛ በሌለ ሰዓት መጽሐፍ አነባለሁ፤ በተለይ ስለ ጠፈር፣ ስለ መጪው ዘመንና ስለ አስማት ዓለም የተጻፉ ልቦለዶችን። ችግሬ ስለ እነሱ የማወራው ሰው ማጣት ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ሳውሳቸው ሽፋኑን አይተው «ይሄማ የልጆች ተረት ነው» እያሉ ይመልሱልኛል። ፍላቂት ከተማ የምታስተምረው ጓደኛዬ ብርቱካንም የፍቅር ታሪክ ካልሆነ አታነብም። ስጨቀጭቃት ከርሜ በመጨረሻ «እሺ፣ አንድ ብቻ ላኪልኝ፤ ካልጣመኝ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አለችኝ።

እኔም አብልጬ የምወደውን መረጥኩላት። ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ወደ ፍላቂት ለሚወጡ የሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁላት። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እንዳይጠፋ ብዬ መጠቅለያው ላይ የብርቱካንንም የራሴንም ስልክ ጻፍኩበት።

በዚያ ሰሞን ኩልመስክ ያለችው ታናሽ እህቴ ሳባ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያዋ ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ጭንቅ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለአንዲት እናት የልጃቸውን የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳኋቸው ሳለ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሳነሳው አንድ ሰው ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጠኝ፣ በተጨነቀ ድምፅ፣

«እህቴ፣ ሳባ ትተርፋለች ወይ?» አለኝ።

ባንኮኒውን ደገፍ ብዬ ምን እንደሆነች፣ የት እንዳለች ጠየቅኩ።

«ውጪ ቀርታለች እኮ። በሩ ተዘግቶባታል፤ የምትተነፍሰው አየርም እያለቀባት ነው።»

እንባዬ መጣ። በር ማን እንደዘጋባት፣ ለምን እንደዘጋባት ማሰብ እንኳ አልቻልኩም። «ባሏስ? ባሏ የት ሄዶ ነው?» አልኩ።

ሰውየው ግራ በገባው ድምፅ፣ «ባል አላት እንዴ? እኔ እስካነበብኩት ድረስ ባል የላትም» አለኝ።

የመጽሐፉ ዋና ባለታሪክ፣ ጠፈርተኛዋ፣ የእህቴ ሞክሼ መሆኗ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ስልኬን ከመጠቅለያው ላይ ወስደው የደወሉልኝ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ጋሸና ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ብዙ በመቆማቸው ጥቅሉን ፈተው ማንበብ ጀመሩ። ፍላቂት ሲደርሱም ብርቱካን ክፍል ውስጥ ስለነበረች እስክትወጣ ቀጠሉበት። ሳባ ከመንኮራኩሯ ውጪ ቀርታ ስትጨነቅ ብርቱካን መጥታ መጽሐፉን ተቀበለቻቸው።

እኔ መጽሐፍ ስጋብዝ መጨረሻውን ለማንም አልናገርም። ጓደኛዬ ስትጨርስ ተውሰው ቢያነቡት እንደሚሻል ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልተስማሙም፤ ለመመለሻው የጫኑት ተሳፋሪ ሁሉ ታሪኩን ከእሳቸው ሰምቶ እየጠበቀ ነው። «ይህን ሳላውቅ መሪ አልይዝም። ሐሳቤ መንገዱ ላይ አይሆንም» አሉኝ።

«ትተርፋለች» አልኳቸው።

ወደ ሰዎቹ ዞረው «ተርፋለች» ሲሉ ተሰማኝ። ከኋላቸው ጭብጨባ ተነሣ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። የእኔን እንባ አይተው አብረውኝ ማልቀስ የጀመሩት እናት ነገሩን ስነግራቸው ሽሮፑን እንደያዙ በሳቅ ፍርስ አሉ።

ቢሆንም አላስቻለኝም፤ ኩልመስክ ደወልኩ። እህቴ ምሳዋን በልታ ጋደም ብላ ነበር። በዚያው ሳምንት በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች።

ብርቱካን ግን ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጨረሻውን ከእሷ ቀድሞ መስማቱ አናድዷት ሌሊቱን ሙሉ አንብባ ጨረሰችው። አሁን ቀጣዩን የምትጠይቀኝ እሷ ናት።

ጋሽ ደምሴም ላሊበላ ባደሩ ቁጥር ጎራ ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ስለ ዘንዶዎች የሚተርክ ወፍራም ልቦለድ ገዝተው አመጡልኝ፤ ሲሰጡኝ ገና መሃሉ ላይ ያለውን ጦርነት በእጃቸው ጭምር እያሳዩ ሊነግሩኝ ጀመሩና ራሳቸውን ገታ አደረጉ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ለዓመታት ብቻዬን የማነበው ነገር እንዲህ የሚያጓጓው ሌላ ሰው በማግኘቴ፣ ያ ድንጋጤ ቢደገም እንኳ አይቆጨኝም።