በመቀነት ሥር የሚያዝ ሽጉጥ

መቱ ውስጥ የጋሼ ደምሴ ቆዳ ቤት የገባሁት ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎሬ ላይ ኮርቻ ስሰፋ ስለኖርኩ፣ እዚህ የሚከብደኝ ሥራ የለም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ጋሼ ደምሴ ለሠራዊቱ በቅሎዎች ዕቃ ሲሰፉ ያረጁ ሰው ነበሩ። ወስፌ፣ ቁራጭ ሰምና የጅማት ክር ሰጡኝና አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስፋ አሉኝ። ሰፋሁ። አዩትና ፍታው አሉኝ። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ አራት ጊዜ አስፈቱኝ።

«ጋሼ፣ ምኑ ነው የተበላሸው?» አልኳቸው።

«ምንም አልተበላሸም። ለኮርቻ ቢሆን ያምራል። በሽጉጥ ማኅደር ላይ ግን ክሩ ቆዳው ውስጥ ሰምጦ ካልተኛ፣ ሽጉጡ በወጣና በገባ ቁጥር ይበላዋል። ነገም ይህንኑ ትሰፋለህ።»

በማግስቱም ያንኑ ሰፋሁ። በሆዴ እየተሳደብኩ ነው የሰፋሁት፤ ዛሬ እሳቸው በሕይወት ባይኖሩም አልዋሽም።

በዚያ ዘመን ጠመንጃ በትከሻ ይያዛል፤ የሚያዘውም ሰው እንዲያየው ነው። ሽጉጥን ደብቆ መያዝ የሚፈልጉት ሌሎች ነበሩ፦ ፈርዶ የሚወጣ ዳኛ፣ ከቡሬ ቡና የሚያመላልስ ነጋዴ፣ የመንግሥት ወረቀት ይዞ ወደ ኡካ የሚሄድ ጸሐፊ። ወደ ቤታችን ሲገቡ በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ማኅደር ሊያሰፉ እንደመጡ ግን ከደጅ ያለችው ቃሪያ ሻጭ ሳትቀር ታውቃለች።

የሥራው ሥርዓት ይህ ነበር። መጀመሪያ የፈቃድ ወረቀቱን አያለሁ። ከዚያ የጥይት ካርታውን አውጥቼ፣ ውስጡ የቀረ ጥይት አለመኖሩን በዓይኔም በትንሿ ጣቴም አረጋግጣለሁ። ባዶውን ሽጉጥ አስይዤ እጁን እመለከታለሁ። ጣቱ ሳይንጠራራ ቃታው ላይ ካልደረሰ፣ ሽጉጡ የእሱ አይደለም። ብዙ ሰው ትልቁን ይመርጣል፤ በኩታ ሥር ትልቅ ሽጉጥ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ዳቦ ሰርቆ የሚሄድ ይመስላል።

ማኅደሩ ደግሞ ቃታውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። አፈሙዙ ባለቤቱ ሲቀመጥ ወደ ታፋው ማየት የለበትም። ቆዳው ጨውን በደንብ የለቀቀ ይሁን፤ በእኛ አገር ዝናብ ጨው ያለው ቆዳ ብረቱን በአንድ ክረምት ያዝገዋል። ውስጡን በሱፍ አልብስልኝ የሚል ነበር። ሱፍ ውሃ ስለሚይዝ እምቢ እል ነበር።

ጋሼ ደምሴ ዓይናቸው ሲደክም ቤቱን ለእኔ ለቀቁልኝ። እትዬ የሺመቤት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ የሺመቤት ከሶር ፏፏቴ ወዲህ ያለ ሰፊ የቡና መሬት ባለቤት ነበሩ። ባላቸው በሞቱ በዓመቱ የባላቸው ወንድም አቶ ታፈሰ መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ከሰሳቸው። ክርክሩ መቱ ፍርድ ቤት ነው የሚታየው። ቀጠሮ ባለ ቁጥር በበቅሎ ጫካውን አቋርጠው መምጣት አለባቸው፤ አንድ ቀጠሮ ከቀሩ መሬቱ ሄደ ማለት ነው። አቶ ታፈሰም በገበያ መሐል፣ «ጫካው ሰው ይበላል፤ ቢቀሩ ይሻላቸዋል» ብሎ አስነግሯል።

«እኔ አልቀርም» አሉኝ፣ የባላቸውን ስድስት ጎራሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው። «ይህን በመቀነቴ ሥር የምይዝበት ስፋልኝ። ማንም እንዳያውቅ።»

አስያዝኳቸው። ጣታቸው ቃታው ላይ ለመድረስ ተንጠራራ። የጥይት ማዞሪያው ሆድ እንደ ድንች ያበጠ ነው።

«እትዬ፣ ይህ ለእጅዎ አይሆንም። በመቀነት ሥርም ይታያል።»

«የባሌ ነው እኮ።»

«የባልዎ እጅም የባልዎ ነበር።»

ተቆጡ። በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ። በመጨረሻ ጎሬ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መኮንን ጋር በትንሽ ጠፍጣፋ ሽጉጥ ተለዋወጡ፤ ፖሊስ ጣቢያም ሄደው ቁጥሩን በፈቃዳቸው ላይ አስቀየሩ። ሽጉጡ ሲመጣ በእጃቸው ልክ ሆነ።

የወገባቸውን ልክ የወሰደችው ባለቤቴ አስናቀች ናት፤ ወይዘሮን ወንድ አይለካም። ሽጉጡ ከመቀነቱ ሥር አግድም እንዲተኛ አደረግኩ፤ እጀታው ወደ ቀኝ። በአዝራር የሚዘጋ ጠፍር ላደርግበት ስል ከለከሉኝ።

«አዝራር ስፈታ እሞታለሁ። ወዲያው የሚወጣ አድርገው።»

እሺ አልኩ። አቁሜ አየሁ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጬ አየሁ፣ የጎረቤት በቅሎ አስመጥቼ ላይዋ አውጥቼ አየሁ። ንቅንቅ አላለም። ጠርዙ ላይ የቤቱን ምልክት፣ ሦስት አጫጭር ስፌት አሳረፍኩበት። ኮርቼ ነው የሰጠኋቸው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ፖሊስ ሥራ ላይ እያለሁ መጣና «ዳኛው ይፈልጉሃል፤ አሁን» አለኝ። ስደርስ ችሎቱ ጢም ብሏል። ማኅደሬና ሽጉጡ ዳኛው ፊት ተቀምጠዋል። እትዬ የሺመቤት ራሳቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ግን ነጭ ሆኗል።

የሆነው እንዲህ ነው። ስማቸው ሲጠራ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መሬት ሊስሙ እስኪደርሱ ጎንበስ ብለው ለዳኛው እጅ ነሱ። ሆዳቸው ሲታጠፍ እጀታውን ገፋው፤ ሽጉጡ ከማኅደሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። አቶ ታፈሰ ወዲያው ተነስቶ፣ «ጌታዬ፣ ሊገድሉኝ ነው የመጡት! ከነፍሰ ገዳይ ጋር አልከራከርም፤ ይፈረድልኝ» አለ።

እኔ ያን ሁሉ ስለካ እጅ መንሳትን ረስቻለሁ። በአገራችን ሰው ዳኛ ፊት፣ ሹም ፊት፣ ሽማግሌ ፊት ሳይጎነበስ የሚውልበት ቀን የለም። እኔ ራሴ በቀን አሥር ጊዜ እጎነበሳለሁ። ይህን መርሳቴን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

«ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?» አሉኝ ዳኛው።

በችሎቱ ውስጥ ከተቀመጡት ወንዶች ቢያንስ ስድስቱ በኮታቸው ሥር የእኔን ሥራ ይዘዋል። ሁሉም ያዩኛል። እሳቸው አላጠበቁትም ብል ማንም አይፈርድብኝም፤ ቀላልም ነበር። እትዬ የሺመቤት ግን መሬታቸውን ያጣሉ፤ ምናልባትም ይታሰራሉ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ጥፋቱም የእኔ ነው። ሲጎነበሱ እንዳይወጣ አድርጌ አልሠራሁትም። ለመንገዱ ብለው ያሰፉት ነው፤ ሽጉጡን እጃቸው አላወጣውም።»

«አሳየኝ።»

ፖሊሱ ካርታውን አውጥቶ ባዶውን ሰጠኝ። ወገቤ ላይ አሠርኩት። ለዳኛው እጅ ነሳሁ፤ ሽጉጡ እግሬ ሥር ወደቀ። ሰዉ ሳቀ። ከሳቁ መሐል ሦስት አራት እጆች ቀስ ብለው ወደየጎናቸው ሲሄዱ አየሁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ ግን አልሳቅኩም።

ዳኛው ወደ እትዬ የሺመቤት ዞሩ። «ወይዘሮ፣ በር ላይ ለዘቡ ለምን አላስረከቡም?»

«ጌታዬ፣ ባስረክብ ባላጋራዬ ያየኛል። ይህኛው ጥፋት የእኔ ነው፤ የልጁ አይደለም።»

ዳኛው ጥቂት ጽፈው፣ «ሽጉጡ ክርክሩ እስኪያልቅ ፖሊስ ጣቢያ ይቀመጥ። ክርክሩ ይቀጥላል» አሉ።

ሁለት ቀጠሮ ቀርቷል፤ ሁለቱንም ያለ ሽጉጥ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ሁለት ደንበኞች የጀመርኩላቸውን ሥራ መልሰው ወሰዱ። ወስፌዬን አስቀምጬ ወደ ኮርቻ ልመለስ ያልኩት ያኔ ነው። አስናቀች፣ «ሴትዮዋ መንገድ ላይ ሆነው አንተ ስለ ስምህ ታስባለህ?» አለችኝ። አፈርኩ።

እትዬ የሺመቤት ራሳቸው ተመልሰው መጡ።

«ሌላ ማኅደር ስፋልኝ» አሉ።

«ሽጉጡ የለም እኮ እትዬ።»

«አለመኖሩን ታፈሰ በምን ያውቃል? ፖሊስ መልሶልኝ ይሆናል፤ ሌላ ገዝቼ ይሆናል። ይህኛው ግን ትንሽ ይታይ።»

አዲስ ማኅደር ስንሰፋ እርጥቡን ቆዳ የምንወጥረው በሽጉጡ ልክ በተጠረበ እንጨት ላይ ነው። ከዋንዛ የተጠረበው የእሳቸው ሽጉጥ ቅርጽ መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤ በሽጉጡ ፈንታ ማኅደሩ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። እጀታውን በቀለምና በሞራ አጠቆርኩት። ማኅደሩን ዘንበል አደረግኩት፤ አፈሙዙ ወደ ታች። በላዩ በአውራ ጣት የምትገፋ አንዲት ጠፍር ከአዝራር ጋር አደረግኩ። አሁን አልከለከሉኝም። አስናቀች ታጥቃው ሃያ ጊዜ እጅ ነሳች፤ ከዚያ እሳቸው። አልወጣም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ምንም አልገጠማቸውም። በሁለተኛው፣ ፍርድ በሚሰጥበት ቀን፣ ጫካው መሐል ጉሬዛዎች ሲጮሁ ቀና ብለው ቢያዩ፣ አቶ ታፈሰ ምንሽር ጠመንጃውን አግድም ይዞ መንገዱ ላይ ቆሟል። የነገሩኝን በቃላቸው ልጻፈው።

«ከበቅሎዬ አልወረድኩም። እጄን መቀነቴ ውስጥ ከተትኩና አዝራሯን ገፋሁ። ቀጭ አለች። ሰማት። እጄን እያየ ቆየ፤ እኔም ፊቱን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ መንገዱን ለቀቀና በኦሮምኛ ‹አካም ቡልታኒ›፣ እንዴት አደሩ፣ አለኝ። ደህና ነኝ ብዬው አለፍኩ። መቱ እስክደርስ እጄን አላወጣሁትም።»

በዚያ ቀን መሬቱ ለእሳቸው ተፈረደ።

ሽጉጣቸውን ከፖሊስ ተቀብለው ሲመጡ እንጨቱን አውጥቼ ብረቱን አስገባሁበት። ልክ ነበር። «አንድ ጊዜ ይጎንበሱልኝ» አልኳቸው። እኚያ ወይዘሮ፣ ከቆዳ ሠራተኛ ጋር አብሮ ለመቀመጥ ሰው በሚጸየፍበት አገር፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መሬት እስኪነኩ እጅ ነሱኝ። ቀና ሲሉ፣ «ያዘ?» አሉኝ። ያዘ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ ማኅደር የሚያሰፋ ሁሉ ፊቴ እጅ ይነሳል። አንድ ትልቅ ሹም መጥተው አቁሜ፣ አስቀምጬ ለካኋቸውና፣ «አሁን እጅ ይንሱኝ» ስላቸው ፊታቸው ደም መሰለ።

«እኔ? ለቆዳ ፋቂ?»

«ለእኔ አይደለም ጌታዬ፤ ሲጎነበሱ ማየት አለብኝ። ለግድግዳው ይንሱት ከፈለጉ።»

ጥለውኝ ወጡ። በወሩ ተመልሰው፣ በሩን ዘግተው፣ ለግድግዳው እጅ ነሱ። ትንሽ ነው የጎነበሱት፤ እንደገና እጅ አስነሳኋቸው።

ይህን ሥራ ለምትይዙ የምለው ይህን ብቻ ነው። ሽጉጥ ሲመረጥ እጅ ይታይ። ማኅደር ሲሰፋ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ይለካ። ቆሞ ብቻ የተለካ ማኅደር ገና አላለቀም፤ ለባለቤቱ አትስጡት።