አባቴ ያስተማረኝ ሂሳብ

እርጥብ ጠመኔ በሸተተኝ ቁጥር ቡራዩ የነበረው ቤታችን የቆርቆሮ አጥር ይመጣብኛል። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ከአራተኛ ክፍል በላይ የመማር ዕድል ስላላገኘ በእኔ ትምህርት ቀልድ አያውቅም ነበር። ክረምት ገብቶ ዝናብ ሥራ ባስፈታው ቀን ሁሉ፣ በረንዳው ያስጠለለውን የአጥሩን ቆርቆሮ ሰሌዳ አድርጎ የሂሳብ ጥያቄ ይጽፍልኝ፣ እኔም ጣቶቼ ነጭ እስኪሆኑ እየሠራሁ፣ እሱ ዱካው ላይ ተቀምጦ ያርመኝ ነበር። ከእሱ የሚበልጥ አዋቂ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሂሳብ፣ በእሱ ሕግ፣ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ሦስት ሲደመር አራት ሲባዛ አምስት ብሎ ከጻፈ፣ ሦስትና አራት ሰባት፣ ሰባት በአምስት ሠላሳ አምስት፣ አለቀ። «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል፤ ሰልፍ መጣስ ነውር ነው» ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል ስገባ መምህርት ጫልቱ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ማባዛት ከመደመር እንደሚቀድም፣ መልሱም ሃያ ሦስት እንደሆነ አስረዱን። ወዲያው ገባኝ፣ ጭንቄም ያኔ ጀመረ። አባቴ ዓርብ ዓርብ ደብተሬን ስለሚያይ፣ የእሱ ሂሳብ ስህተት መሆኑን እንዳያውቅብኝ ብዬ ትክክለኛውን እያወቅሁ የእሱን መልስ እጽፍ፣ ኤክስ የሞላው ደብተርም ተሸክሜ እመለስ ነበር። እሱ ከሚያፍር እኔ ብወድቅ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ግን ኤክሱ በዛበትና፣ መምህርቷ ትክክሉን መልስ እየሰረዙብኝ መስሎት ደሙ ፈላ። ሰኞ ጠዋት ሲሚንቶ የነካው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ደብተሬን ይዞ ከክፍላችን በር ላይ ቆመ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ሲያዩት፣ አሁን በክፍሉ ፊት ሊዋረድ ነው ብዬ ፈራሁ።

መምህርት ጫልቱ ግን «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ደምሴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው ወደ ውጭ ይዘውት ወጡ። እኔ መስኮቱ ጋ ስለነበርኩ ይሰማኝ ነበር።

«እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» አሉት፤ «ግቢዎ ውስጥ ሦስት ብሎኬት አለ እንበል። መኪና መጥቶ ደግሞ አራት ረድፍ አራገፈልዎት፤ በየረድፉ አምስት አምስት። በጠቅላላ ስንት ሆነ?»

«ሃያ ሦስት ነዋ!» አለ አባቴ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ። ከዚያ ደብተሬን ገልጦ ኤክስ የተደረገበትን አየና «ለካ እኔም ስሠራ የምቆጥረው እንዲህ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ ገና እጁን ሳይታጠብ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ። እያወቅሽ ነው የእኔን የጻፍሽው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሁለተኛ ለእኔ ብለሽ እንዳትሳሳቺ» አለኝና ፊቱን አዞረ። እኔም ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ የምኖረው ሰበታ ነው። ልጄ እኔ አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዕድሜ ላይ ናት፤ የቤት ሥራዋን ሳስረዳት አንዳንዴ እሳሳታለሁ፣ ስታርመኝም «አንቺ ደግሞ!» ብዬ አፏን አስይዛታለሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመው አባቴ ተሳስቻለሁ ለማለት አንድ ቀን በቃው፤ ዲግሪ የያዝኩት እኔ ግን ለልጄ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ብያት አላውቅም።