የመጨረሻዋን ጀልባ ስጠብቅ

በሸራ ጀልባ ውድድር ደንብ ውስጥ ለመቀበል ጊዜ የወሰደብኝ አንድ አንቀጽ አለ። ሰዓት የሚያዘው በሚታየው ምልክት እንጂ በሚሰማው አይደለም ይላል። ከዳኞች ጀልባ ላይ ሰንደቅ ሲወጣ ጡሩምባ አብሮ ይነፋል፤ ነገር ግን ጡሩምባው ቢታፈን፣ ድምፁን ነፋስ ቢወስደው፣ ነፊው ቢዘነጋ እንኳ ሰንደቁ ከወጣ ወጥቷል። «አልሰማሁም» ብሎ የሚከራከር ተወዳዳሪ አያሸንፍም።

አገሬ ሲማዳ ነው፤ ከወገዳ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ። ክረምት ላይ የሚሞላ ወንዝ እንጂ ባሕር የሚባል ነገር ሳላይ አደግሁ። ወደዚህ ዓረብ አገር የመጣሁት ሰው ቤት ለመሥራት ነበር። ውሌ ሲያልቅ ባሕሩ ዳር ባለ የጀልባ ክበብ በጽዳት ተቀጠርሁ። ወለል እወለውላለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ከውድድር በኋላ የረጠቡትን ሰንደቆች አሰጣለሁ። አንድ ቀን የውድድሩ ሹም፣ ጡረታ የወጡ ረጅም ፈረንጅ ሽማግሌ፣ ገመዱ ፊት ቆመው ሰንደቆቹን አንድ በአንድ አዩ። በሚወጡበት ተራ አስጥቻቸው ነበር።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ስወለውል በመስኮት አያለሁ።»

«ሰዓት ታነቢያለሽ?»

«አነባለሁ። ግን የእኛ አቆጣጠር ከእናንተ በስድስት ሰዓት ይለያል።»

ሳቁ። «እኛ የምንቆጥረው አምስት ደቂቃ ነው፤ አምስት ደቂቃ የትም አገር አምስት ደቂቃ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከዳኞች ጀልባ ላይ ሰዓት ያዥ ሆንሁ። ተራ ያለው ነገር ደስ ይለኛል። ጀልባችን መልህቋን ጥላ ትቆማለች። ከእኛ ምሰሶ ጀምሮ ውኃው ላይ እስከምትንሳፈፈው ብርቱካናማ ኳስ ድረስ በዓይን የሚሰመር መስመር አለ፤ መነሻውም መድረሻውም እሱ ነው። ለመነሣት አምስት ደቂቃ ሲቀር የምድቡ ሰንደቅ ይወጣል። አራት ሲቀር መሐሉ ነጭ የሆነ ሰማያዊ ሰንደቅ ይከተላል፤ አንድ ሲቀር ይወርዳል። ሰዓቱ ሲሞላ የምድቡም ይወርድና ሸራዎቹ ተገፋፍተው መስመሩን ያልፋሉ። ቸኩሎ ያለፈ ካለ በነጭ ላይ ሰማያዊ መስቀል ያለበትን እናወጣለን፤ ያ ሰው ተመልሶ እንደገና መነሣት አለበት። ያን ሰንደቅ ባወጣሁ ቁጥር በልቤ አማትባለሁ። ሽማግሌው አያውቁም።

ስልክ የዳኞች ጀልባ ላይ አይያዝም፤ ሳንዱቅ ውስጥ ተቆልፎ ከባሕሩ ዳር ይቀራል። አንደኛው ከደረሰ በኋላ ለቀሪዎቹ አርባ አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። የመጨረሻዋ ጀልባ እስክትደርስ ወይም ያ ጊዜ እስኪሞላ ድረስ መልህቅ አይነሣም። ሽማግሌው በዚህ ቀልድ አያውቁም። «አንደኛውን ሁሉም ያየዋል፤ ለመጨረሻው ነው እኛ የተቀመጥነው» ይላሉ።

ያን ክረምት አባቴ ታመሙ። ሐምሌ ላይ ወገዳ ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው፣ ትንሽ ተሽሏቸው ወደ ቤት ተመለሱ ተባልሁ። በእኛ ቀበሌ ስልክ የሚሠራው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ እየወጣ ይደውልልኛል። ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ግን የአባቴን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«አባባስ?» እለዋለሁ።

«ደኅና ናቸው እታለም።»

«እስቲ ድምፃቸውን አሰማኝ።»

«ኧረ ይኼን ዳገት ማን ያወጣቸዋል! ጉልበታቸውን አሟቸው የለ።»

«በቅሎዋስ?»

«በቅሎዋን ጋይንት ለሠርግ ወስደዋታል።»

«ባለፈውም ሠርግ ብለኸኝ ነበር። ጋይንቶች ሲዳሩ ነው እንዴ የሚውሉት?»

ይስቃል። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቁርጥ ይላል።

እኔ ሞኝ አይደለሁም። በአገራችን ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ሥርዓት አለው። የሚያረዱት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው፤ የሚሄዱት ማልደው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ እህል ያቀምሱታል፣ ከሰማ በኋላ አይበላምና። እስከዚያ ድረስ ዘመድ ሁሉ አንድ ቃል ይዞ ይዋሻል። አምና እዚሁ አገር ለምትሠራ ለአንዲት የጋይንት ልጅ የእናቷን መርዶ ስናረዳት እኔም አንዷ ነበርሁ። ሦስት ወር ሙሉ «እናትሽ ደኅና ናት» ስላት ቆይቼ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜን «በእግዚአብሔር ስም ማልልኝ» አላልሁትም። ባስምለው ወይ ይነግረኛል፣ ወይ በሐሰት ይምላል። ሁለቱንም ፈራሁ።

ጥቅምት ላይ ትልቁ ውድድር ደረሰ። ከየክበቡ የመጡ ጀልባዎች ስለነበሩ ምልክቶቹን ለመትከል ጎሕ ሳይቀድ ከክፍሌ ወጣሁ። በሩን ቆልፌ ስሄድ የአገሬ ሴቶች ደግሞ ወደ እኔ እየመጡ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ የተመለሰ አልነበረም። አንደኛው ሲደርስ ጡሩምባ ነፋሁ፣ ሰዓቱን ጻፍሁ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እያለ ሄደ። የሸራቸውን ቁጥር የማነብበት መነጽር አለኝ፤ ሩቁን የሚያቀርብ። የአንዱን ቁጥር ፈልጌ ሳዞረው የክበቡ መወጣጫ ላይ ሦስት ሴቶች ተቀምጠው አየሁ።

አንደኛዋ በዚያ ሙቀት ነጠላ ለብሳለች። እሳቸውን ወዲያው ለየሁ። የእስቴ ሴት ናቸው፤ ከሁላችን ይበልጣሉ፤ በወር አንድ ቀን ብቻ ነው ከአሠሪያቸው ቤት የሚወጡት። አጠገባቸው ከአርብ ገበያ ከተማ የመጣችው የነጋዴ ልጅ አለች፤ ሙስሊም ናት፣ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንደ እህት የያዘችኝ። ሦስተኛዋ አምና እኛ ያረዳናት የጋይንት ልጅ ናት። እሷ ወደ ባሕሩ አታይም ነበር፤ ጉልበቷን አቅፋ መሬት ታያለች።

ማንም ምንም አላለኝም። አንድም ድምፅ አልሰማሁም። ግን አየሁ።

መነጽሩን አወረድሁት። ሽማግሌው ፊቴን አዩ።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ሰዎችሽ ናቸው? ውድድር ሊያዩ መጡ?»

«የእኔ ሰዎች ናቸው» አልሁ።

ልክ ያኔ ነፋሱ ወደቀ። ባሕሩ እንደ ዘይት ረጋ። ከአንዲት ጀልባ በቀር ሁሉም ገብተው ነበር። የቀረችዋን የምትነዳው ቢጫ ኮፍያ ያደረገች ሴት ናት፤ ሸራዋ ተንጠልጥሎ ቆሟል፤ ከመስመሩ አንድ የጤፍ ማሳ ያህል ትርቃለች። በየደቂቃው ጥቂት ክንድ ትጠጋለች፣ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ውኃ መልሶ ይገፋታል። ሴትዮዋ ለብቻዋ ትናገራለች፤ ትሳደብም ትጸልይም እንደሆነ አልለይም።

እውነቱን እጽፋለሁ። ያቺ ጀልባ እንዳትደርስ ተመኘሁ። መልህቃችን እስካልተነሣ ድረስ አባቴ ደኅና ናቸው፤ በቅሎዋም ሠርግ ላይ ናት። ሴትዮዋ በፀሐይ እየተቃጠለች እዚያው እንድትቀርልኝ ለመንሁ። ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተመኝቼ አላውቅም ነበር።

«ስንት ቀረ?» አሉ ሽማግሌው።

ሰዓቱ በእጄ ነው። ሞላ ብል መልህቅ ይነሣል፤ ቁርጤን አውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ እሳቸው አይጠራጠሩኝም፤ ጊዜው ካለፈም በኋላ እንቀመጣለን።

«አራት ደቂቃ» አልሁ። አራት ነበርና።

ሦስት ሲሆን ከወደ ደቡብ ውኃው ተሸበሸበ። ትንሽ ነፋስ መጣች። ቢጫ ኮፍያዋ ብድግ ብላ ገመዷን ሳበች። ሃያ ሰከንድ ሲቀር መስመሩን አለፈች፤ ጡሩምባውን አንሥቼ ነፋሁላት። እጇን አወዛወዘችልኝ፣ እየሳቀች። እኔም አወዛወዝሁ። ሰዓቷን ጻፍሁ፣ ሽማግሌው ፈረሙበት፣ መልህቁ ተነሣ።

መወጣጫው ላይ ስደርስ ሦስቱም ቆሙ።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ» አሉኝ የእስቴዋ፣ ሦስት ጊዜ እየሳሙኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ፣ ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው። ነፋስ ልንቀበል መጣን።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ሙቀቱንም አብረን እንቀበል ብለን ነዋ» አለች የአርብ ገበያዋ። ቀልዷ ነው፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል።

የእስቴዋ ሴት ከዘንቢላቸው የምሳ ዕቃ አወጡ። «በይ ቁጭ በይና ቅመሽ። ከጧት ጀምሮ ውኃ ላይ ነሽ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው እትዬ።»

«አጣሁት እንዴ! የጾም ነው፤ ሽሮ ነው።»

«ሽሮውን ማን ጠላ። ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም እኮ።»

ክዳኑን እንደያዙ ቀሩ። ወደ አርብ ገበያዋ ዞረው፣ «አይ እዳ! ይኼን አላሰብነውም» አሉ፤ ወዲያው እኔ እንደሰማሁ ገብቷቸው ከንፈራቸውን ነከሱ። ጧት ክፍሌ ተቆልፎ ሲያገኙት ሁሉን መክረው ነበር፤ የት እንደሚጠብቁኝ፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚይዘኝ። እኔ ዓርብ እስከ ዘጠኝ እንደማልቀምስ ግን ረሱት። ሳያቀምሱ አያረዱም፤ እኔ ደግሞ ሰዓቴ ሳይደርስ አልበላም።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር።

«አንድ ጉርሻ እንኳ» አሉኝ። «እግዜር ለመንገደኛ ያዝናል።»

«መንገደኛ አይደለሁም እትዬ።»

«ወትሮም ግትር ናት» አለች የአርብ ገበያዋ። «እኔ በረመዳን እንኳ እንዲህ አልከርርም።»

ተቀመጥን። አራት ሴቶች አርባ ደቂቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ዓሣ ዋጋ አወራን። ስለ አንዲት አሠሪ ክፋት አወራን። የእስቴዋ ሴት ሸራዎቹን እያዩ «ይኼ ሁሉ ጨርቅ ለጋቢ ቢሆን» አሉ፤ ሳቅን። የጋይንቷ ልጅ አልሳቀችም፤ አንድ ጊዜ እጄን ያዘችና መልሳ ለቀቀችው።

ጾሜን ለእግዚአብሔር ብቻ ያዝሁት ብል እዋሻለሁ። ተሸሸግሁበት። አርባ ደቂቃ የአባቴን ዕድሜ ያራዘምሁ መሰለኝ።

ዘጠኝ ሲሆን ራሴ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ፤ ምሳ ዕቃውን ተቀበልሁ። ሦስት ጊዜ ጎረስሁ። ውኃ ጠጣሁ። «በላሁ» አልሁ። «አሁን ይንገሩኝ።»

የእስቴዋ ሴት ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው አዘቀዘቁት። «አባትሽ ዐርፈዋል ልጄ» አሉ። «አንቺን ያጽናሽ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላስታውስም። የጋይንቷ ልጅ ከእኔ ቀድማ እንደጮኸች አውቃለሁ። ሽማግሌው ከክበቡ ወጥተው ባርኔጣቸውን አውልቀው ራቅ ብለው እንደቆሙ አውቃለሁ። ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው አሉኝ። አርባቸው ወጥቷል። እኔ ግን በየሰንበቱ ለካህኑ በምሰጠው ወረቀት ላይ የክርስትና ስማቸውን ከድውያን ጋር እጽፍ ነበር። ዐሥር ሰንበት ስለ ጤናቸው ጸለይሁ። አፈር የለበሰ ሰው እንዲድን ለመንሁ። ለንስሐ አባቴ ይህን ስናገር «ጸሎት አይጠፋም» አሉኝ። አምናለሁ። ግን ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድሜ ደወለ። እንደነገሩኝ ነግረውታል።

«እታለም፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምሁም» አልሁት። ተቀይሜው ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። «ከመጀመሪያው ንገረኝ። አንድም ሳታስቀር በተራ ንገረኝ።»

ነገረኝ። ማን እንደገነዛቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንዳረፉ፣ ከጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ድረስ መጥተው የፈቱአቸው ካህናት ስንት እንደነበሩ። እያለቀሰ ነው የሚናገረው፤ ሁለት ወር ከእኔ ጋር እየሳቀ የያዘውን ሁሉ ያን ቀን ለቀቀው።

«ስሜን ጠሩ?» አልሁት።

«የመጨረሻ ሳምንት ጧት ጧት ‹መጣች?› ይሉን ነበር» አለኝ።

«ምን አላችኋቸው?»

«‹መንገድ ላይ ናት› አልናቸው።»

«አመኗችሁ?»

«እንጃ እታለም። ‹በሩን አትዝጉባት› አሉ።»